ስኬል እየሠራሁ ግራ እጄ አልፈታ አለኝ

የማታ ልምምድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ክላሲካል ጊታር የምትጫወቱ ወይም የምታስተምሩ ሰዎች ምክር ፈልጌ ነው።

ጊታሩን ሳነሳ ሁሌም የምጀምረው በስኬል፣ ማለትም ኖታዎችን በተርታ ወደ ላይና ወደ ታች በመጫወት ነው። መጀመሪያ ሲ ሜጀር በሁለት ኦክታቭ። ከአምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያሉት ብረቶች የሚከፍሉት ቦታ) ተነስቶ አንደኛው ክር ስምንተኛ ፍሬት ላይ የሚያልቀውን ማለቴ ነው። ከዚያ ጂ ሜጀር፣ ከዚያ ኤ ማይነር። በደቂቃ የሚፈለገውን ያህል ምት የሚመታውን ሜትሮኖም ሳልከፍት አልጀምርም። ቀኝ እጄ ብዙም አያስቸግረኝም። ሌባ ጣቴና መሃል ጣቴ እየተፈራረቁ ደህና ይሄዳሉ። ያስቸገረኝ ግራ እጄ ነው።

ሜትሮኖሙ 80 ላይ ሆኖ በአንድ ምት ሁለት ኖታ ስጫወት ሁሉም ሰላም ነው። 100 አካባቢ ሲደርስ ነገሩ ይበላሻል። ትንሿ ጣቴ ኖታዋን ተጫውታ ስትነሳ ወደ ላይ ተገትራ ትቀራለች። ተመልሳ እስክትወርድ ምቱ አልፎ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ሽግግሩ ነው። ሦስተኛው ክር ላይ ከሁለተኛ ፖዚሽን (ሌባ ጣት ሁለተኛ ፍሬት ላይ ሲሆን) ወደ አምስተኛ ስሻገር ድምፁ ቁርጥ ይላል። ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ እዚያ ጋ እጄ መንቀሳቀሱን ያውቃል። አውራ ጣቴም ከአንገቱ ጀርባ ተጣብቆ ይቀርና እጄን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ትንሽ ከቆየሁ የአውራ ጣቴ ሥር ይዝላል። ሕመም አይደለም፣ ድካም ነው።

ጣቶቼ ጉልበት ስለሌላቸው ነው ብዬ የጣት ማጠንከሪያ ስፕሪንግ ልገዛ አስቤ ነበር። ስኬሉን ደግሞ ሰዓት ልጨምርበት? ወይስ የምለማመድበት መንገድ ራሱ ነው ችግሩ?


ዜማ ይቅደም፦

እኔ ብሆን ስኬሉን ለጊዜው አስቀምጠው ነበር። ከምትሠራው ሙዚቃ ውስጥ እጅህ የሚደናቀፍበትን ቦታ አውጣና እሱን ብቻ ተለማመድ። ለመሆኑ ሙሉ የሁለት ኦክታቭ ስኬል ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ የሚመጣው ስንት ሥራ ውስጥ ነው? አብዛኛው ጊዜ የሚመጣው አምስት ስድስት ኖታ ነው። እሱም መሃሉ ላይ ባስ አለበት፣ ኮርድ አለበት። እጅ የሚፈታው በሙዚቃ ነው ባይ ነኝ። ስኬል ላይ ብቻ የቆየ ሰው ስኬል ጥሩ ይጫወታል፣ እሱ ብቻ።


ቀስ በቀስ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አስረድተሃልና መልሱም ቀላል ይሆናል። ጊታር አስተምራለሁ። ይህንን የምትለውን እጅ በብዙ ተማሪ ላይ አይቼዋለሁ።

ስፕሪንጉን አትግዛ። የጎደለህ ጉልበት አይደለም። ክር ለመጫን የሚያስፈልገው ኃይል ከምታስበው በጣም ያነሰ ነው። አሁኑኑ ልታረጋግጠው ትችላለህ። ሦስተኛው ክር ሰባተኛ ፍሬት ላይ መሃል ጣትህን አስቀምጥ፣ ግን አትጫን። ቀኝ እጅህ ክሩን ደጋግሞ ይምታ። መጀመሪያ የሚወጣው የታፈነ ድምፅ ነው። አሁን በጣም በቀስታ መጫን ጀምር። ድምፁ እየነዘረ ይመጣል፣ ትንሽ ስትጨምር ደግሞ ድንገት ይጠራል። እዚያው ላይ ቁም። የሚያስፈልግህ ያቺው ናት። ከዚያ በላይ የምትጨምረው ሁሉ ድምፁን አያሻሽለውም፣ አውራ ጣትህን ብቻ ያደክመዋል። ይህንኑ ሙከራ ጣትህን በሁለቱ ፍሬቶች መሃል አድርገህ ድገመው፣ ከዚያም ፍሬቱ ብረት ሥር ጠጋ አድርገህ ሞክረው። ብረቱ ሥር ስትሆን ግማሽ ኃይል የሚበቃህ ይመስልሃል። ስኬል ስትሠራ እያንዳንዱ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ እንዲህ ተከታተል።

ስለ አውራ ጣት። አንድ ጊዜ ስኬሉን በሙሉ አውራ ጣትህን ከአንገቱ ላይ አንስተህ ተጫወተው። በቀስታ። የቀኝ ክንድህ ጊታሩ ገላ ላይ አርፏል፣ ደረትህም ከኋላ ይዞታል፤ ስለዚህ ጊታሩ የትም አይሄድም። ክሩን የሚጫነው የክንድህ ክብደት መሆኑ ያን ጊዜ ይገባሃል። ከዚያ አውራ ጣትህን መልሰው፣ ግን በመንካት ደረጃ ብቻ። ቦታው ከመሃል ጣትህ ትይዩ ወይም እዚያ አካባቢ ነው። የእጅ አንጓህ ብዙ እንዳይታጠፍ። አንጓ ሲታጠፍ ወደ ጣቶች የሚሄዱት ጅማቶች በተጣመመ መንገድ ይጎተታሉ፣ እጅም ቶሎ ይዝላል። ግራ እግርህ መርገጫ ላይ ሆኖ የጊታሩ ጭንቅላት ዓይንህ ከፍታ አካባቢ ከሆነ አንጓው በራሱ ይቃናል።

አሁን ወደ ትንሿ ጣት። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስኬል ሲባል ሰው የሚያስበው ጣት ስለሚወርድበት ነገር ነው። እኔ ተማሪዎቼን የማየው ጣት ሲነሳ ነው። ትንሿ ጣትህ የምትገተረው «ተነሺ» ስለምትላት ነው። መነሳት የለባትም። መጫን ማቆም ነው ያለባት። መጫን ስታቆም ክሩ ራሱ ትንሽ ገፋ ያደርጋታል፣ እሷም ከክሩ በላይ ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ትንሳፈፋለች። ሁለቱ ቃላት የሚያዝዙት ጡንቻ የተለያየ ነው። አንዱ የውጪውን ጡንቻ ይጎትታል፣ ሌላው የውስጡን ብቻ ያላላል።

ሌላም ነገር አለ። የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት መዘርጊያ ጅማቶች እጅህ ጀርባ ላይ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ተለያይተው እንዲሠሩ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። የቀለበት ጣትህ በኃይል ሲጫን ትንሿ ጣት መወጠሯ አይቀርም። የቀለበት ጣትህን ስታቀል እሷም ትረጋጋለች።

መዳፍህንም ተመልከት። ከላይ ወደ እጅህ እይ። የመዳፍህ የትንሿ ጣት በኩል ከአንገቱ ርቆ ከዞረ፣ ትንሿ ጣት ኖታዋ ጋ ለመድረስ መለጠጥ አለባት። ያንን ጎን ወደ አንገቱ ጠርዝ አስጠጋው። የአራቱ ጣቶች የሥር አንጓዎች ከክሮቹ ጋር ትይዩ ይሁኑ። አንዳንዴ ችግሩ በዚህ ብቻ በግማሽ ይቀንሳል።

መልመጃው ይኸው። ሁለተኛው ክር ላይ፣ አምስተኛ ፖዚሽን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ማለትም ከሌባ ጣት እስከ ትንሿ ጣት፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ፍሬት። ስትወጣ የተጫኑትን ጣቶች አታንሳ፣ ባሉበት ይቆዩ። ስትመለስ ትንሿ ጣት መጫን ከማቆሟ በፊት የቀለበት ጣት ቦታው ላይ መኖሩን አረጋግጥ። አንድ ኖታ በአንድ ምት፣ ሜትሮኖሙ 50 ላይ። እያንዳንዱን ኖታ ከተጫወትክ በኋላ ቆም ብለህ ያልተጫኑት ጣቶች የት እንዳሉ ተመልከት።

ለምን አምስተኛ ፖዚሽን ትል ይሆናል። የተለመደው ክላሲካል ጊታር የክሩ ርዝመት 650 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ልክ የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት 36 ሚሊሜትር ግድም ይሆናል። አምስተኛው 29 ይሆናል፣ ዘጠነኛው 23። አንደኛ ፖዚሽን ላይ ስትጀምር እጅህ መረጋጋትንም መለጠጥንም ባንዴ እንዲማር ታስገድደዋለህ። መጀመሪያ መረጋጋቱን ይማር።

ሽግግሩ። የያዝከው ስኬል ስፔናዊው ጊታር ተጫዋች አንድሬስ ሴጎቪያ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የስኬል ስብስብ ውስጥ ያለው የጣት አጣጣል ነው። ሦስተኛው ክር ላይ አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ እንደገና አንድ፣ ሦስት። ኖታዎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ናቸው። ድምፁ የሚቆረጠው ቢ ላይ ነው። ሌባ ጣትህ ሲ ጋ ቶሎ ለመድረስ ሲቸኩል የቀለበት ጣትህ ቢን ጊዜዋ ሳይሞላ ይለቃታል። ቢ ሙሉ ዕድሜዋን ትኑር። መንገዱ አጭር ነው፣ ሦስት ፍሬት ብቻ፣ ለጥድፊያ ምክንያት የለም።

ደግሞ ጣትህ አይሂድ፣ ክንድህ ይሂድ። ጠረጴዛ ላይ ራቅ ብሎ ያለ እርሳስ ስታነሳ ጣትህን አትለጥጥም፤ ክንድህ ነው እጅህን የሚወስደው። እዚህም እንደዚያው ነው። አውራ ጣትም አብሮ ይሄዳል። ኡራጓያዊው ጊታር ተጫዋች አቤል ካርሌቫሮ በማስተማሩ አጥብቆ የያዘው አንዱ ነገር ይኸው ነበር፤ እጅን ከቦታ ቦታ የሚወስደው ክንድ ነው። አራቱን ኖታዎች ብቻ ነጥለህ ሥራ። ቢን ተጫወት። መጫን አቁም፣ ጣትህ ግን ክሩን እንደነካ ይቆይ። ሲ የምታርፍበትን አምስተኛ ፍሬት በዓይንህ ያዝ። ክንድህን አንቀሳቅስ። ድምፅ ሳታወጣ እዚያው ቁም። እጅህ ለዲ ጭምር ተዘጋጅቷል? ከተዘጋጀ ሲን ተጫወት። በዚህ መልክ ጥቂት ጊዜ ከሠራህ በኋላ መቆሙን እያሳጠርክ ሂድ።

ሰዓት አትጨምር። እንዲያውም ቀንስ። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በሙሉ ልብ መሥራት ዓይንህ ሌላ ነገር ላይ ሆኖ ከምታሳልፈው ሰዓት ይበልጣል። ሕመም ከመጣ ደግሞ ወዲያው አቁም፤ ድካምና ሕመም አንድ አይደሉም።

«ዜማ ይቅደም» ያለውም እውነት አለው። ከሥራው ውስጥ ቁራጩን ማውጣት በጣም ጥሩ ነው። ግን ሥራው ውስጥ የሚያስጨንቅህ ነገር ብዙ ነው፤ ባሱ፣ ዜማው፣ የቀኝ እጅ ጣት። ስኬል ላይ አንድ ነገር ብቻ ስለምትጫወት ትንሿን ጣት ለማየት ጊዜ ታገኛለህ። ስኬልን የምወደው ለዚህ ነው።


የማታ ልምምድ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ዘርዝረው ይጽፉልኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

የመጫኑን ሙከራ ወዲያው ሞከርኩት። እውነት ነው፣ የምጫነው ከሚያስፈልገው በላይ ነው። አውራ ጣት አንስቼ ስጫወትም መጀመሪያ ፈራሁ፣ ከዚያ ግን ክንዴ ሲከብድ ተሰማኝ። መዳፌን ወደ አንገቱ ሳስጠጋ ትንሿ ጣቴ ረጋ አለች። ግን አዲስ ጣጣ መጣ። ሁለተኛው ክር ላይ ጣቶቼን ሳላነሳ ስቆይ የቀለበት ጣቴ ሥጋ አንደኛውን ክር እየነካ ያፍነዋል። ደግሞስ ስኬል ስጫወት ሁልጊዜ ጣቶቹን ተጭኜ ልቆይ ነው? ሲፈጥን ይህ የሚቻል አልመሰለኝም።

ፍጥነቱንስ እንዴት ነው የምጨምረው? እስከ ዛሬ ሜትሮኖሙን አራት አራት እየጨመርኩ ነበር።


ናይለን፦

እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ለትንሿ ጣት ማለቴ ነው። ግራ እጅን ብቻውን የሚያጋልጠው ሌጋቶ፣ ማለትም ቀኝ እጅ ሳይመታ ግራ እጅ ራሱ ኖታውን የሚያሰማበት አጨዋወት ነው። ስኬል ላይ ቀኝ እጅ ብዙ ነገር ይሸፍንልሃል። ቀኝ እጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጥና ያንኑ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት በግራ እጅህ ብቻ አሰማው። ስትወጣ በመምታት፣ ስትመለስ በመንቀል። ምቱ እኩል መሆኑን ወይም አለመሆኑን ወዲያው ትሰማዋለህ። ሦስትና አራት መሃል የሚንገዳገድ ከሆነ ስኬልህም የሚንገዳገደው እዚያው ነው።

ስትመታ ከሩቅ አትምታ። ድምፁን የሚሰጠው ፍጥነት ነው፣ ከፍታ አይደለም። ስትነቅል ደግሞ ጣትህን ወደ ላይ አትንጠቀው። ወደ መዳፍህ፣ ማለትም ወደ ወለሉ አቅጣጫ፣ ክሩን ትንሽ ይዘህ ልቀቀው። የምትነቅልበትን ክር ቀድሞ የተጫነው ጣት ጠበቅ አድርጎ ካልያዘው ክሩ ይጎተትና ኖታው ከቃናው ይወጣል።

ለእኔ ከማንኛውም ስኬል በላይ እጄን የፈታልኝ ይህ ነው። መምህሩ ላይስማሙ ይችላሉ።


ቀስ በቀስ፦

«ናይለን»፣ በብዙው እስማማለሁ። በተለይ ግራ እጅን ብቻውን መስማት ያልሽው ትክክል ነው። የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው። ትንሿ ጣት አሁንም የምትገተር ከሆነ ሌጋቶ መገተሯን ያጠነክረዋል፤ ምክንያቱም ለመምታት ከፍ ማለት ትፈልጋለች። መጀመሪያ ትረጋጋ። ከዚያ ሌጋቶው ይምጣ፣ እሱም ለጥቂት ደቂቃ። ሦስትና አራት ቶሎ የሚደክሙ ጥንድ ናቸው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ጣት ተጭኖ መቆየት መልመጃ ነው፣ የአጨዋወት ሕግ አይደለም። እጅ የት እንዳለ እንዲያውቅ ነው። ስኬሉን ስትጫወት የማያስቸግርህን ጣት ብቻ አቆየው፣ ሌላውን ልቀቀው። በተለይ ወደ ታች ስትመለስ ቀጣዩን ጣት አስቀድሞ ማስቀመጥ በጣም ይረዳል።

ከክር ወደ ክር ስትሻገር ግን ጆሮህን አቁም። ለምሳሌ አራተኛው ክር ላይ ጂን በትንሿ ጣት ይዘህ ወደ ሦስተኛው ክር ኤ ትሻገራለህ። ትንሿን ጣት ቀድመህ ከለቀቅክ ክፍተት ይሰማል። ከኤ በኋላ ካቆየሃት ደግሞ ጂና ኤ ተደራርበው ይጮኻሉ፣ ባስ ክር ሲሆን በጣም ያስቀይማል። ጂ የምትሞተው ኤ በምትወለድበት ቅጽበት መሆን አለበት። ሁለቱን ኖታ ብቻ ደጋግመህ ሥራ። መጀመሪያ ሆን ብለህ ክፍተት አድርገው፣ ቀጥሎ ሆን ብለህ ደራርበው፣ ከዚያ መሃሉን ፈልግ። ጆሮ ልዩነቱን የሚይዘው ሁለቱንም ሲሰማ ነው።

ስለሚታፈነው ክር። ጣትህ ተኝቷል ማለት ነው። የመጨረሻው መገጣጠሚያ ታጥፎ ጣቱ በጫፉ ይቁም። የግራ እጅ ጥፍር ትንሽ እንኳ ከረዘመ ይህ አይሆንም፤ ጥፍሩ ፍሬት ቦርዱን ሲነካ ጣት ሳይወድ ይተኛል። ጥፍርህን ከሥጋው እኩል ቁረጠው።

ፍጥነት። አራት አራት መጨመሩን ተወው። እንዲህ ስትጨምር እጅ ጭንቀቱንም ትንሽ በትንሽ ይጨምራል፣ አንተም ሳታውቀው 100 ላይ ትደርሳለህ። በምትኩ አጭር ነገር አፍጥን። ሜትሮኖሙ 60 ላይ ይሁን። አንድ ምት አንድ ኖታ እየተጫወትክ ሂድ፣ ከዚያ አንዱን ምት ብቻ በአራት ኖታ ሙላውና ቀጣዩ ምት ላይ አርፈህ ቁም። ስታርፍ እጅህን መርምር። ትንሿ ጣት የት ናት? አውራ ጣት ጠንክሯል? ቀለል ካለህ አራቱን ወደ ስምንት አሳድገው። ረጅምና አጭር እያደረግህ መጫወትም ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ረጅም አጭር፣ ቀጥሎ አጭር ረጅም። ሁለቱን አድርገህ ወደ እኩሉ ስትመለስ ደካማው ቦታ ራሱን ያሳይሃል።

አንድ ተጨማሪ። ያ ሲ ሜጀር ክፍት ክር፣ ማለትም በግራ እጅ ሳይጫን የሚመታ ክር፣ የለበትም። ስለዚህ የጣት አጣጣሉን ሳትቀይር ወደ ላይ ልትወስደው ትችላለህ። ከአምስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ብትጀምረው ዲ ሜጀር ይሆናል፣ ሽግግሩ ከአራተኛ ወደ ሰባተኛ ፖዚሽን፣ የመጨረሻው ኖታ አንደኛው ክር አሥረኛ ፍሬት ላይ። ፍሬቶቹ እዚያ ጠበብ ስለሚሉ እጅህ አይወጠርም። እዚያ ሲስማማህ ወደ ዲ ፍላት አውርደው፣ በመጨረሻ ወደ ሲ። ጂ ሜጀሩንና ኤ ማይነሩን ለጊዜው ተዋቸው።


የማታ ልምምድ፦

ከዲ ሜጀር እጀምራለሁ። ጥፍሬንም አሁን አየሁት፣ ረዝሟል። ሽግግሩን በቪዲዮ ብቀርጸው ያዩልኛል?


ቀስ በቀስ፦

በደስታ። ስልክህን ከፊት ለፊትህ ሳይሆን ከጊታሩ ጭንቅላት በኩል አቁመው፣ በአንገቱ ርዝመት ወደ እጅህ እንዲያይ። ከፊት ከሆነ ትንሿ ጣት ከክሩ ምን ያህል እንደምትርቅ አይታይም። አውራ ጣትህም ይግባ። ሙሉውን ስኬል አልፈልግም፤ ሦስተኛው ክር ላይ ያሉትን አራት ኖታዎች ወጣ መለስ፣ በቀስታ፣ ይበቃኛል።